ውስጥ እግር ላይ የተሳለው ካርታ

ሰበታ፣ ቡራዩ እና ሱሉልታ አዲስ አበባን ከደቡብ ምዕራብ፣ ከምዕራብ እና ከሰሜን ይዘው የተቀመጡ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም የነዋሪዎቻቸው ኑሮ ዛሬም ከዋና ከተማዋ ጋር የተሳሰረ ነው። ማለዳ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ፣ ቀኑን ሙሉ ፋብሪካ ወይም ግንባታ ላይ ቆሞ፣ ማታ ከአስፋልት ወርዶ በኮረኮንች ቤቱ የሚገባ ሰው ሞልቶባቸዋል። በሱሉልታ ሜዳ ሯጮች ገና ሳይነጋ ይሮጣሉ። ከእንጦጦ ጫካ ደግሞ ሴቶች ማገዶ ተሸክመው ቁልቁል ይወርዳሉ። እንዲህ በእግሩ በሚያድር አገር "እግርዎን ልሽዎት፣ ኩላሊትዎም ጉበትዎም በዚያው ይታከማል" የሚል ባለሙያ ቢመጣ ሰሚ አያጣም። ሪፍሌክሶሎጂ የሚባለው ሙያ የሚለው በአጭሩ ይህንን ነው፤ ስለዚህ ከየት እንደመጣና ምን ያህል እውነት እንደያዘ ማወቅ ገንዘብም ጤናም ያተርፋል።

ሐሳቡ ለመረዳት ቀላል ነው። ውስጥ እግር የመላ ሰውነት ካርታ ነው ይላል። አውራ ጣት ራስን፣ የሌሎቹ ጣቶች ሥር ዓይንና ጆሮን፣ ከጣቶቹ በታች ያለው ወፍራም ሥጋ ሳንባን፣ የእግሩ ውስጠኛ ጠርዝ አከርካሪን፣ መሐሉ ሆድ ዕቃን፣ ተረከዙ ዳሌን ይወክላል። ቀኝ እግር የቀኙን ጎን፣ ግራ እግር የግራውን ይዟል፤ ስለዚህ ጉበት የሚፈለገው ቀኝ እግር ላይ ነው። ባለሙያው በአውራ ጣቱ እንደ አባጨጓሬ እየተሳበ ነጥቦቹን አንድ በአንድ ይጫናል። ታካሚው "እዚህ ጋ አመመኝ" ካለ፣ በዚያ ነጥብ የተወከለው የሰውነት ክፍል ችግር አለበት ተብሎ ቦታው ደጋግሞ ይታሻል። አንዱ ቀጠሮ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሰውን በበሽታው ለይቶ ሳይሆን ከነአካሉ ከነመንፈሱ አንድ አድርጎ ያክማል የሚለውም መፈክር ከዚህ ጋር ይመጣል።

ማስታወቂያዎቹ አብዛኛውን ጊዜ "የ5 ሺህ ዓመት ጥበብ" ይላሉ። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበው በግብፅ ሳቃራ የሚገኘው የአንክማሆር መቃብር ነው። አንክማሆር በስድስተኛው ሥርወ መንግሥት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2300 ገደማ የኖረ ሹም ነበር። መቃብሩ ግድግዳ ላይ ሰዎች የሌሎችን እጅና እግር ይዘው ሲሠሩ ተቀርጿል። ከጎኑ ያለው ጽሑፍም ታካሚው እንዳያሙት ሲለምን ያሳያል። ነገር ግን ሥዕሉ መታሸትን ሊያሳይ ይችላል፣ ጥፍር መከርከምን ወይም ቁስል ማከምንም ሊያሳይ ይችላል። ጉበትን ከቀኝ ውስጥ እግር ጋር የሚያያይዝ ካርታ ግን የለበትም። የሰው ልጅ እግሩን ማሸቱ ጥንታዊ መሆኑን ማንም አይክድም። ካርታው ግን የትናንት ነው፤ የትውልድ ቦታውም አሜሪካ ነው።

ዊልያም ፊትዝጄራልድ በኮነቲከት ግዛት ሃርትፎርድ ከተማ የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ነበር። አንዳንድ የእጅና የአፍ ቦታዎችን ሲጫን ሌላ ቦታ ላይ ሕመም እንደሚደነዝዝ አየሁ አለ። ከዚያ ተነስቶ ሰውነትን ከራስ እስከ እግር ጥፍር በ10 ቀጥ ያሉ ቀጠናዎች ከፈለው፤ በቀኝ 5፣ በግራ 5። በአንዱ ቀጠና ውስጥ ያለ ነገር ሁሉ ይገናኛል አለ። እ.ኤ.አ. በ1917 ከኤድዊን ባወርስ ጋር ስለዚህ "የቀጠና ሕክምና" መጽሐፍ አሳተመ። መሣሪያዎቹ የሚያስገርሙ ነበሩ፤ ጣት ላይ የሚጠመጠም ላስቲክ፣ የልብስ መቆንጠጫ፣ የብረት ማበጠሪያ። ጥርሱን ያመመው ሰው የእግር ጣቱን እንዲጨምቅ የሚመክር ጽሑፍም በዚያው ሰሞን በአሜሪካ መጽሔት ወጥቶ ነበር። የሕክምናው ማኅበረሰብ ብዙም አልተቀበለውም።

ሐሳቡን ከመረሳት ያወጣችው ዩኒስ ኢንግሃም የምትባል ሴት ናት። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ጆ ሼልቢ ራይሊ በሚባል ሐኪም ዘንድ በአካል ማገገሚያ ባለሙያነት ትሠራ ነበር። ከፊትዝጄራልድ 10 ቀጠናዎች እግርን ብቻ መርጣ፣ የበርካታ ሰዎችን እግር እየተጫነች፣ "ይህ ነጥብ ለዚህ አካል" እያለች ካርታውን ሣለችው። ፊትዝጄራልድ የሚፈልገው ሕመምን ማደንዘዝ ነበር፤ እሷ ግን ጫን ለቀቅ እያደረጉ ማነቃቃት ይሻላል አለች። በ1938 መጽሐፏን አሳተመችና ከዚያ በኋላ እስክትሸመግል ከከተማ ከተማ እየዞረች አስተማረች። እንግዲህ ዛሬ በየማሳጅ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው በቀለም ያሸበረቀ ውስጥ እግር፣ የፈርዖኖች ውርስ ሳይሆን የአንዲት ትጉህ አሜሪካዊት የእጅ ሥራ ነው። ዕድሜው ከአያቶቻችን ዕድሜ ብዙም አይበልጥም።

ወደ እስያ የተመለሰበት መንገድ ደግሞ የበለጠ ይገርማል። ብዙ ሰው "የቻይና ሕክምና" ብሎ የሚያውቀውን የዘመኑን የእግር ማሳጅ በታይዋን ያስፋፋው ጆሴፍ ዩግስተር የሚባል ስዊዘርላንዳዊ የካቶሊክ ቄስ ነው። በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ክፍል ሲያገለግል ጉልበቱን ያመው ነበር። ከአገሩ ሰው የመጣለትን የሪፍሌክሶሎጂ መጽሐፍ አንብቦ በራሱ ላይ ሞከረው፣ ሻል አለኝ አለ፣ ምእመናኑን ማሸት ጀመረ። በ1980ዎቹ ነገሩ በመላው ታይዋን ተቀጣጠለ፤ ከዚያም እንደ ጥንታዊ የምሥራቅ ጥበብ ለዓለም ተሸጠ። አሜሪካ ተወልዶ፣ በአውሮፓ መጽሐፍ ተጉዞ፣ በቄስ እጅ እስያ ገብቶ፣ ሽበት አብቅሎ ተመለሰ ማለት ነው።

ካርታው እውነት ነው ወይ? ይህ በክርክር ሳይሆን በፈተና የሚለይ ጥያቄ ነው፤ ተፈትኗልም። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት ሕመማቸው አስቀድሞ የታወቀ 18 ሰዎች ለሁለት ሪፍሌክሶሎጂስቶች ቀረቡ። ባለሙያዎቹ ታካሚዎቹን አያዩም፣ አያነጋግሩም፤ እግራቸውን ብቻ ይዳስሳሉ። ከተዘረዘሩት 6 ሕመሞች ማን የትኛው እንዳለበት እንዲናገሩ ተጠየቁ። ውጤቱ በግምት ከመናገር የተሻለ አልሆነም፤ ሁለቱ ባለሙያዎች እርስ በርሳቸውም አልተስማሙም። በ2009 ኤድዛርድ ኤርንስት ሪፍሌክሶሎጂን የሚመለከቱ 18 በዕጣ የተመደቡ ሙከራዎችን አሰባስቦ መረመረ። የትኛውንም በሽታ እንደሚፈውስ አሳማኝ ማስረጃ አላገኘም። አውስትራሊያ በ2015 የራሷን ግምገማ አውጥታ፣ ከ2019 ጀምሮ ሪፍሌክሶሎጂን መንግሥት ከሚደጉመው የግል ጤና መድን ዝርዝር አስወጣችው።

ከዚሁ ጎን ተያይዞ የሚሸጥ ሌላ ዕቃም አለ፤ ማታ ውስጥ እግር ላይ ተለጥፎ ጠዋት ጠቁሮ የሚነሳው ፕላስተር። "ከሰውነት የወጣ መርዝ" ይባላል። ፕላስተሩ ላይ ጥቂት የፈላ ውሃ እንፋሎት ቢያርፍበትም ይጠቁራል፤ የሚያጠቁረው እርጥበት ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2009 ኪኖኪ የሚባለውን ምርት ሻጮች በሐሰተኛ ማስታወቂያ ከሷቸዋል። በስልክ የሚመጣን የጤና ማስታወቂያ ማጋራት የለመደ ሰው ይህችን ቢይዝ አይከፋም።

ይህ ሁሉ ሲባል፣ እግሩን ታሽቶ "ቀለለኝ" የሚለው ሰው ዋሽቷል ማለት አይደለም። ቀኑን ቆማ የዋለች የፋብሪካ ሠራተኛ ሞቅ ባለ ውሃ እግሯ ታጥቦ፣ በቅባት ታሽቶ፣ ግማሽ ሰዓት ማንም ሳይጨቀጭቃት ብትቀመጥ ይቀልላታል። ጭንቀትና ድካም በመታሸት ለጊዜው እንደሚረግብ አያከራክርም። ይህን ለማወቅ ኢትዮጵያዊ ከሃርትፎርድ ትምህርት አያስፈልገውም። ከመንገድ የመጣ እንግዳ እግሩ ይታጠብ ነበር፤ አጣቢው የቤቱ ልጅ ወይም አባወራው ራሱ ሆኖ። በጸሎተ ሐሙስ በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሕጽበተ እግር ይደረጋል፤ ፓትርያርኩ፣ ጳጳሱ ወይም ካህኑ ጎንበስ ብሎ የምእመኑን እግር ያጥባል፣ በወይራና በወይን ቅጠል ያብሳል። ወለም ያለውና የተሰበረው ደግሞ ወጌሻ ዘንድ ይሄዳል። የአገራችን ስፖርት ጋዜጠኞች የቡድኑን የአካል ሕክምና ባለሙያ ሳይቀር "ወጌሻ" ብለው የሚጠሩት ቃሉ ክብር ስላለው ነው።

ወጌሻውም ቢሆን ከፈተና አላመለጠም። የተሰበረን እግር አጥብቆ በማሰር ደም አቋርጦ ጋንግሪን ያስከተለበት፣ ልጅ እግሩን ያጣበት ጊዜ አለ። ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ግን፣ ወጌሾቹን ሰብስቦ በአጭር ሥልጠና አጥብቆ ማሰር የሚያመጣውን ጉዳት ማስረዳት እግራቸው የሚቆረጠውን ሰዎች ቁጥር ቀንሷል። ባለሙያውን ከማሳደድ ሥራው የት ላይ እንደሚያበቃ ማሳየት አዋጥቷል። ለማሳጅ ቤቶችም ከዚህ የተሻለ አርአያ አይገኝም።

የእግር ሕክምና ታሪክ ከተነሳ ግን የኢትዮጵያ ትልቁ ምዕራፍ ከማሳጅ ጋር አይገናኝም። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳና 42 ኪሎ ሜትር በባዶ እግሩ ሮጦ በ2:15:16 ወርቅ አገኘ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ባዶ እግር ለኢትዮጵያ የኩራት ምልክት ሆነ፤ ይገባልም። አበበ ራሱ ግን ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማና ካልሲ አድርጎ በ2:12:12 ሮጧል፤ ፈጥኖም ገብቷል። ያ ግማሽ ብዙ ጊዜ አይወራም። በዚያው ዘመን በደጋው ገጠር ሚሊዮኖች ባዶ እግራቸውን ያርሱ ነበር፤ ጫማ መግዛት ስላልቻሉ። ሙጃሌ ተረከዛቸውንና ጣታቸውን ይቦረቡረዋል። (ሙጃሌ እንኳ የአገር ልጅ አይደለም፤ ከደቡብ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1872 በመርከብ አንጎላ ደርሶ በአፍሪካ የተሰራጨ ተባይ ነው።) ከሙጃሌ የከፋው ግን ዝሆኔ ነበር።

ዝሆኔን ብዙዎች እርግማን፣ የዘር በሽታ ወይም መርገጥ የማይገባውን መርገጥ ያመጣው ነው ይሉ ነበር፤ ዛሬም የሚሉ አሉ። ሐኪሞች ደግሞ በትንኝ ከሚተላለፈው የዝሆኔ ዓይነት ጋር ይቀላቅሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኧርነስት ፕራይስ የሚባል እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በኢትዮጵያ ሲሠራ አንድ ነገር አስተዋለ። በሽታው ትል በሌለበት ደጋ አለ፣ ጫማ የሚያደርገውን አይነካም፣ ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ባለበት ይበረታል። የታካሚዎችን የሊምፍ ዕጢ መርምሮ ከአፈሩ የገቡ ደቃቅ ማዕድናት አገኘ። ከዓመት ዓመት በባዶ እግር ቆዳ የሚገባው አፈር በአንዳንድ ሰው ላይ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያቆስላል፣ እግር ያብጣል። ፕራይስ ከግሪክኛ "እግር" እና "አቧራ" የሚሉትን ቃላት አጋጥሞ ፖዶኮኒዮሲስ አለው። "በዘር ነው" የሚለው ወሬ ግማሽ እውነት እንደነበረው የታወቀው በ2012 ነው፤ በወላይታ በተደረገ የዘረመል ጥናት ተጋላጭነቱ በቤተሰብ እንደሚወረስ ታየ። የሚወረሰው ግን ተጋላጭነቱ ነው፤ ጫማ ካለ በሽታው አይመጣም። አይተላለፍምም፤ ከታማሚ ጋር መብላት፣ መጋባት፣ አንድ ወንበር ላይ መቀመጥ ምንም አያመጣም።

ስፋቱን ለማወቅ በመላ አገሪቱ በ1,315 ቀበሌዎችና መንደሮች ወደ 130 ሺህ የሚጠጉ ሰዎች ተመርምረዋል። ከዚያ በመነሳት በ2015 እ.ኤ.አ. 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂ ኢትዮጵያውያን በሽታው እንዳለባቸው፣ 35 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ደግሞ ለበሽታው ምቹ በሆነ አካባቢ እንደሚኖር ተገምቷል። በወረዳው ታፍሮ የኖረ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደ ሰበታና ቡራዩ ሲመጣ እግሩን ይዞት ይመጣል።

ሕክምናው ምንድን ነው? እዚህ ላይ ነው ከሪፍሌክሶሎጂ ጋር ማነጻጸር ደስ የሚለው። በየቀኑ እግርን በሳሙናና በውሃ ማጠብ፣ የጤና ባለሙያ በለካው መጠን በረኪና በቀጠነበት ውሃ መዘፍዘፍ፣ በደንብ ማድረቅ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ። ካርታ የለውም፣ ምሥጢርም የለውም። በምሥራቅ ጎጃም 696 ታማሚዎች በዕጣ ተመድበው ይህ ሕክምና ለአንድ ዓመት ተፈተነ፤ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ታተመ። እግሩ በድንገት እያበጠና እያቃጠለ ሰውን ከአልጋ የሚጥለው ሕመም፣ ሕክምናውን ባገኙት ላይ በአማካይ በዓመት 19.4 ጊዜ፣ ገና ባላገኙት ላይ 23.9 ጊዜ ተነሳ። ልዩነቱ ተአምር አይመስልም፤ ግን በዓመት አራት ጊዜ ያህል ከአልጋ ማምለጥ ለገበሬ ብዙ የሥራ ቀን ነው። እንዲህ ያለ ቁጥር ለእግር ካርታው አልተገኘለትም።

ሌላው ምዕራፍ ከሰበታና ከቡራዩ ብዙም ሳይርቅ፣ ዘነበወርቅ ነው። አለርት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲቋቋም ሥራው የሥጋ ደዌ ነበር። የሥጋ ደዌ ጣት አይበላም፤ ነርቭ ይገድላል። ነርቩ የሞተ እግር እሾህ ሲወጋው፣ ጠጠር ሲፈጭው፣ እሳት ሲያቃጥለው አይሰማውም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ይሰፋል፣ ጣት የሚጠፋው በዚህ ነው። ስለዚህ ታካሚው እግሩን በየቀኑ በዓይኑ እንዲያይ፣ እንዲዘፈዝፍ፣ ደረቁን ቆዳ እንዲፍቅ፣ ቅባት እንዲቀባ ይማራል፤ ለእግሩ የተመቸ ጫማም ይሠራለታል።

የሥጋ ደዌ ቀንሷል፤ ቦታውን ግን የስኳር በሽታ እየወሰደው ነው። ስኳር የቆየበት ሰው እግርም ይደነዝዛል። እንግዲህ የሪፍሌክሶሎጂን አሠራር ከዚህ ጋር አስተያዩት፤ ባለሙያው የሚመራው "አመመኝ" በሚለው ቃል ነው። ከሁሉ በላይ አደጋ ላይ ያለው እግር ግን "አመመኝ" የማይለው ነው። ካርታው ዝም ይላል፣ ታካሚው ደኅና ነኝ ብሎ ይሄዳል። ባስ ሲል መዘፍዘፊያው ውሃ ሞቆበት ሳይታወቀው ይቃጠላል፣ ወይም በጠንካራ ጭነት ቆዳው ይላጣል። ስኳር ያለበት ሰው ለማንም እሽታ እግሩን ከመስጠቱ በፊት ለሐኪም ማሳየት አለበት፤ ቁስል፣ የቆዳ መጥቆር፣ ድንገተኛ እብጠት ካየ ደግሞ ማሳጅ ቤት ሳይሆን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። አንድ እግሩ በድንገት አብጦ ባቱን የሚያመው ሰውም ደም ረግቶበት ሊሆን ስለሚችል አይታሽም።

ማሳጅ ግን ማሳጅ ሆኖ ቢቀርብ፣ ኩላሊት አክማለሁ ሳይል ቢሸጥ፣ ክብር ያለው መተዳደሪያ ነው። በተለይ ሰበታ ይህን ልታስብበት የሚገባ ከተማ ናት። ከንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ጀምሮ ዓይነ ስውራን የሚማሩበት ትምህርት ቤት አላት፤ ከዚያ የወጡ መምህራን፣ ጠበቆችና ሙዚቀኞች ጥቂት አይደሉም። ቀለም ያልቀናው ዓይነ ስውር ግን ምን ይሥራ የሚለው ጥያቄ በአገራችን መልስ ጎድሎታል። ጃፓን በ17ኛው ክፍለ ዘመን መልሳዋለች። ሱጊያማ ዋይቺ የሚባል ዓይነ ስውር የመርፌ ሕክምና አዋቂ በሾጉኑ ድጋፍ ለዓይነ ስውራን የመርፌና የእሽታ ትምህርት ቤቶች ከፈተ፤ ከዚያ በኋላ መታሸት በጃፓን ለዘመናት የዓይነ ስውራን ሙያ ሆኖ ኖረ። ጣታቸው ለሥራው የሰላ ነው፣ ታካሚውም አያፍርም።

ደቡብ ኮሪያና ታይዋን ከዚያ አልፈው ሙያውን በሕግ ለዓይነ ስውራን ብቻ ከለሉት። በኮሪያ ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት በ2006 ክልከላውን ሲሽረው ዓይነ ስውራን አሺዎች አደባባይ ወጡ፣ አንዳንዶቹ ከድልድይ ወደ ሃን ወንዝ ዘለሉ፤ ፓርላማው ሕጉን እንደገና አወጣው። ጉዳዩ በሁለቱም አገሮች ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2008፣ በአንድ ወር ውስጥ ተወሰነ። ኮሪያ የዓይነ ስውራኑ የመኖር መብት ይበልጣል ብላ ሕጉን አጸናች። ታይዋን የሌላው ዜጋ ሙያ የመምረጥ መብት ተነካ ብላ ሕጉን ሻረች፤ ለዓይነ ስውራኑ የሦስት ዓመት መሸጋገሪያ ሰጥታ።